ሀዋሳ ውስጥ ስለ ፎቅ ከፍታና ስለ መልሶ ማልማት ለምትከራከሩ፦ ከቀይ ቀለሙ እስከ ይግባኙ

አክስቴ ፒያሳ ጀርባ ነው የምትኖረው። አንድ ጠዋት በር ስትከፍት አጥሯ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎ አገኘች። ማን እንደጻፈው አላየችም። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ቡና ተፈላ፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አምስት ዓይነት ወሬ ተወራ። «ሰፈሩ ሊነሳ ነው።» «አይ፣ መንገድ ዳር ያለው ብቻ ነው።» «ጂ+4 መሥራት ያልቻለ ይለቃል ተብሏል።» «ቦታው ለሆቴል ተሰጥቷል አሉ።» «ኧረ ቆጠራ ነው፣ ምንም የለውም።» ሄዶ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም። እኛም አልጠየቅንም። ቢሮ የሄድነው ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው፤ ያኔ ነዋሪው ስለ ሰፈሩ ፕላን የተጠራበት ስብሰባ አልፏል። ማስታወቂያው የተለጠፈው አክስቴ በእግሯ በማትደርስበት ሰሌዳ ላይ ነበር።

ይሄን የምጽፈው ያ ሰባት ሳምንት እስካሁን ስለሚቆጨኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ከአክስቴ ጋር ብዙ ደጅ ጠንተናል፣ ብዙ ወረቀት ገልብጠናል፣ ጎረቤቶችንም ተከትለን ሄደናል። አንድ ነገር ገባኝ። ስለ ከፍታ የሚደረግ ክርክር የሚወሰነው ፎቁ ሲወጣ ሳይሆን ፕላኑ ገና ጠረጴዛ ላይ እያለ ነው። ያ ካመለጣችሁ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ማህተምና ቀን ያለበት ወረቀት ነው።

ደግሞ ፎቅ አልጠላም። ሀዋሳ ወደ ጎን እየሰፋች በቱላ በኩል የገበሬውን ማሳ እየበላች ነው፤ ወደ ላይ መሄዷ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። የምለው ሕጉ ለሆቴሉም ለአክስቴም አንድ ይሁን፣ ዕድሜውን እዚያ የጨረሰ ሰው ሳይሰማ አይነሳ ነው።

1. መጀመሪያ የቱ ክርክር ውስጥ እንዳላችሁ ለዩ

ሰው ሁሉንም «የፎቅ ጉዳይ» ብሎ አንድ ላይ ይጠራዋል። ሦስት የተለያየ ነገር ነው፤ የሚንኳኳው በርም የተለያየ ነው።

አንደኛው የዝቅተኛ ከፍታ ጉዳይ ነው። እኛ ከተሞች ውስጥ አነስተኛ ይዞታ ያለውን ሰው በብዛት የሚያስጨንቀው ይሄ ይመስለኛል። በዋና መንገድ ዳር ፕላኑ «ከዚህ ፎቅ በታች አይሠራም» ይላል። ስለዚህ የቆርቆሮ ጣሪያችሁን ልቀይር፣ አንድ ክፍል ልቀጥል ስትሉ ፈቃድ አይገኝም። በጂ+ ብዙ ለመሥራት ደግሞ ገንዘብ የለም። ቤቱ እያረጀ እናንተም እያረጃችሁ ትጠብቃላችሁ። ማንም ውጡ አላላችሁም፣ ግን መኖርም አትችሉም።

ሁለተኛው ከተፈቀደው በላይ የሚወጣ ጎረቤት ነው። ሐይቅ ዳር፣ ወደ ፍቅር ሐይቅና ወደ አሞራ ገደል በሚወስዱት መንገዶች አካባቢ ይሄ ስሜት የሚነካ ጉዳይ ነው፤ ሐይቁን ማየት የሚፈልገው የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ያለው ብቻ አይደለምና። ግን ከእይታው በላይ ብርሃኑ፣ ፍሳሹና የቁፋሮው ጉዳይ ነው ሕግ ፊት ክብደት ያለው።

ሦስተኛው ሰፈሩ በሙሉ ለመልሶ ማልማት (አሮጌው ፈርሶ በአዲስ ፕላን እንዲሠራ) ወይም ለመንገድ ሲፈለግ ነው። እዚህ ላይ ቀን ይቆጠራል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለፕላንና ለግንባታ ፈቃድ ክፍሉ ታቀርባላችሁ፤ ሦስተኛው ወደ መሬት ልማትና ካሳ ክፍሉ ይሄዳል። የተሳሳተ ክፍል ውስጥ ያለቀ አንድ ወር የሚመልስላችሁ የለም።

2. ወሬውን በጽሑፍ ጥያቄ ተኩት

ቢሮ ሄዳችሁ በቃል አትጠይቁ። በቃል ከጠየቃችሁ በቃል ነው የሚመለስላችሁ፣ ያ መልስ ደግሞ ነገ የለም። አንድ ገጽ ደብዳቤ ይበቃል። እኛ የተጠቀምንበት ይሄን ይመስል ነበር፦

«ጉዳዩ፦ ይዞታዬን ስለሚመለከተው ፕላን በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ ስለመጠየቅ። በ… ክፍለ ከተማ፣ በ… ቀበሌ፣ በካርታ ቁጥር … የተመዘገበ ይዞታ አለኝ። ይህ ይዞታ በፕላኑ ላይ ለምን አገልግሎት እንደተመደበ፣ የተፈቀደው ዝቅተኛና ከፍተኛ የሕንፃ ከፍታ በፎቅና በሜትር ስንት እንደሆነ፣ የአካባቢ ልማት ፕላን ተሠርቶለት ከሆነ መቼ እንደጸደቀ፣ በመልሶ ማልማት ክልል ውስጥ ከሆነም ሥራው መቼ እንደሚጀመር በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

በሁለት ቅጂ አትሙት። አንዱን መዝገብ ቤት ስጡ፣ ሁለተኛው ላይ ገቢ አስደርጉ፤ ማለትም ማህተም፣ ገቢ ቁጥርና ቀን። «ይድረሰን፣ ግዴለም፣ እናውቅሃለን» ቢሏችሁ እንኳን ያለ ገቢ ቁጥር አትውጡ። እኛ የመጀመሪያውን ደብዳቤ እንዲሁ ሰጥተን ወጥተን ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ስንመለስ ደብዳቤው አልተገኘም፣ ሰጥተናል የምንልበትም ማስረጃ አልነበረንም።

መልስ ከዘገየ የመረጃ ነፃነትን የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 590/2000 ጥቀሱ። የመንግሥት አካል የተጠየቀውን መረጃ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ያስገድዳል። ጠብ ፈላጊ መስሎ መታየት አያስፈልግም፤ «በአዋጁ መሠረት መልስ እጠብቃለሁ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብዙ ትሠራለች።

3. ፋይል ክፈቱ

ይሄ አጭር ነው። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ፣ የቤቱ ፕላንና የግንባታ ፈቃድ ካለ፣ የዓመታት የግብር ደረሰኝ፣ የመብራትና የውሃ ቢል፣ የውርስ ወይም የውክልና ወረቀት። ሁሉንም ኮፒ አድርጉ፣ ኦርጅናሉን ለማንም ጥላችሁ አትምጡ። ስልክ ላይ ፎቶ አንስታችሁ ለሌላ የቤተሰብ አባል ላኩት።

ወራሾች ሆናችሁ ካርታው ገና በሟች ስም ከሆነ ዛሬውኑ ጀምሩ። ይሄ ነገር ሲመጣ ነው ወንድምና እህት የሚጣላው።

የቀበሌ ቤት ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ አገባኝም አትበሉ። እነዚህ ቤቶች አብዛኞቹ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የተወረሱ ናቸው፣ ባለቤቱ መንግሥት ነው፤ እናንተ ግን በውል ነው የምትኖሩት። የኪራይ ውሉንና የክፍያ ደረሰኙን ያዙ። ውሉ በአያታችሁ ስም ከሆነ አስተካክሉት።

4. ፕላኑን ራሳችሁ አንብቡ

ብዙ ሰው ካርታ ሲያይ ይደነግጣል። አይክበዳችሁ። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ሁለት ደረጃ አለ። መዋቅራዊ ፕላን ከተማውን በጠቅላላ ያሳያል፣ ዘመኑም 10 ዓመት ነው። የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ ወደ ሰፈር ወርዶ እያንዳንዱ ብሎክ ላይ ምን እንደሚሠራ፣ እስከ ስንት እንደሚወጣ ይናገራል። እናንተን የሚነካችሁ በአብዛኛው ሁለተኛው ነው። አዋጁ ፕላን ሲዘጋጅ የሕዝብ አስተያየት መድረክ እንዲኖር ያዛል። ስለዚህ «ፕላኑን ማየት ይቻላል?» ብላችሁ በልመና መልክ አትጠይቁ፣ ማየት መብታችሁ ነው።

ስታዩ አራት ነገር ፈልጉ። የቦታው አገልግሎት፣ ከፍታው፣ ከቦታው ስንት በመቶው ላይ መሥራት እንደሚቻል፣ ሕንፃው ከወሰን ስንት ሜትር መራቅ እንዳለበት።

ከፍታው ላይ ቆም በሉ። ጂ+4 ሲባል ምድር ቤቱን ጨምሮ አምስት ወለል ነው። ፎቅና ሜትር ግን አንድ አይደሉም። ምድር ቤቱ ለሱቅ ተብሎ 4 ሜትር ቢሆን፣ ሌሎቹ 3 ሜትር ቢሆኑ ጂ+4 16 ሜትር ይሆናል፤ አንዱ ደግሞ ምድር ቤቱን 6 ሜትር አድርጎ፣ ላይኛውንም ከፍ ከፍ አድርጎ፣ ጣሪያው ላይ አንድ «ማከማቻ» ጨምሮ ያንኑ ጂ+4 ብሎ 22 ሜትር ሊያደርሰው ይችላል። ፕላኑ በፎቅ ብቻ የሚናገር ከሆነ ይሄ ክፍተት ነው፤ በስብሰባው ላይ «በሜትርም ይጻፍልን» ብላችሁ ጠይቁ። ሜትሩ ሌላም ነገር ይወስናል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከምድር ወለል ጀምሮ ቁመቱ ከ12 ሜትር የሚበልጥን ሕንፃ ምድብ «ሐ» ውስጥ ነበር የሚያስገባው፣ ይሄ ደግሞ ጠበቅ ያለ የዲዛይንና የቁጥጥር ደረጃ ነበር። ምድር ቤቱ 4 ሜትር የሆነ ጂ+3 13 ሜትር ነው፣ አለፈ ማለት ነው።

አሁን ሒሳቡን በራሳችሁ ቦታ ሥሩት። 200 ካሬ አላችሁ እንበል፣ 60 በመቶው ላይ መሥራት ይፈቀዳል እንበል። 120 ካሬ ነው። በአምስት ወለል 600 ካሬ ግንባታ ይሆናል። ይሄን ቁጥር ይዛችሁ ሦስት ኮንትራክተር ጠይቁ፣ በካሬ ስንት ትሠራላችሁ በሉ፣ አባዙት። የሚመጣው ቁጥር ሊያስደነግጣችሁ ይችላል፤ ግን ስብሰባ ላይ «አቅም የለንም» ከማለት ይልቅ «በዚህ ፕላን የኔ ቦታ 600 ካሬ ይጠይቃል፣ ዋጋው ይሄን ያህል ነው፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በደረጃ እንድንሠራ ይፈቀድልን» ማለት በጣም ይለያል። መሠረቱና አምዱ ለአምስት ወለል ተሠርቶ መጀመሪያ ሁለቱ ወለል ብቻ ቢጠናቀቅስ? ይሄ ጥያቄ ምክንያታዊ ነው፣ በጽሑፍ አቅርቡት።

5. ጥላውን በዱላ ለኩ

ከፎቅ ጋር ስትከራከሩ «ፀሐይ ይከለክለናል» ማለት ብቻውን አይበቃም። ስንት ሜትር? በየትኛው ወር? ይሄን ማንም ሰው በቤቱ ሊለካ ይችላል።

አንድ ሜትር ቀጥ ያለ ዱላ ግቢ ውስጥ አቁሙ። ሀዋሳ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፣ ስለዚህ ፀሐይዋ ታኅሣሥ ላይ ወደ ደቡብ፣ ሰኔ ላይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ታኅሣሥ 12 ገደማ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ የዱላው ጥላ ወደ ሰሜን 60 ሴንቲሜትር ገደማ ይወድቃል። ሰኔ ላይ ደግሞ ወደ ደቡብ 30 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ይሄን በሕንፃው ቁመት አባዙት። ከናንተ በስተደቡብ 20 ሜትር ሕንፃ ቢቆም በታኅሣሥ ቀትር 12 ሜትር ያህል ግቢያችሁን ያጠላል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ለኩት፤ በዚያ ወር ጥላው ከሕንፃው ቁመት አንድ ተኩል እጥፍ ያልፋል፣ ከ30 ሜትር በላይ ማለት ነው።

አክስቴ በርበሬ የምታሰጣበት ቦታ ላይ ቆመን ለካን። ልብስ የሚደርቅበት ገመድ፣ በርበሬው፣ የልጆቹ መጫወቻ፣ ሁሉም ጥላው ውስጥ ገባ። ወረቀት ላይ ሣልነው፣ ቀንና ሰዓት ጻፍንበት። ንድፉ ጥሩ አልነበረም፣ ግን ባለሙያው ሲያየው ጎንበስ ብሎ አነበበው። ከዚያ በፊት ያቀረብነውን ማንም ጎንበስ ብሎ አላነበበውም።

የተከራካሪውም ወገን ሐሳብ አለው፣ መስማት አለባችሁ። ጥላ ስላለ ብቻ ሰው ቦታው ላይ አይሥራ ማለት አይቻልም። የምትጠይቁት ከወሰን ትንሽ እንዲርቅ፣ ከፍታው በናንተ በኩል በደረጃ እንዲወርድ፣ ወይም ረጅሙ ክፍል ወደ መንገዱ እንዲሆን ነው። ዲዛይን ሳያልቅ ከሆነ ይሄ በእርሳስ የሚስተካከል ነገር ነው።

6. ስብሰባው

ስብሰባ ከተጠራ አትቅሩ። የታመመ ካለ በውክልና ሰው ይላክ። ከመግባታችሁ በፊት ከጎረቤት ጋር ተከፋፈሉ፣ አንዱ ስለ ከፍታ፣ አንዱ ስለ ፍሳሽ፣ አንዱ ስለ ካሳ ይናገር። አሥር ሰው ተነስቶ አንድ ዓይነት ምሬት ቢናገር ቃለ ጉባኤው ላይ አንድ መስመር ነው የሚሆነው። አምስት ሰው አምስት የተለያየ ጥያቄ ቢጠይቅ አምስት መስመር ይሆናል።

ስም መመዝገቢያውን ተጠንቀቁ። ወረቀቱ ከወንበር ወንበር ይዞራል፣ ሰው ስሙን ይጽፍና ይፈርማል። ከመፈረማችሁ በፊት ራስጌው ላይ ምን እንደተጻፈ አንብቡ። «የተሳታፊዎች ስም ዝርዝር» ከሆነ ችግር የለውም። «በልማቱ የተስማሙ» ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው የፈረማችሁት። ራስጌው ባዶ ከሆነ ከፊርማችሁ አጠገብ «ለመገኘት ብቻ» ብላችሁ ጻፉ። ይሄን ባለማወቅ የፈረሙ ጎረቤቶች ነበሩን፤ በኋላ «ተስማምታችኋል» ሲባሉ የሚሉት ጠፋቸው።

ሲያልቅ ቃለ ጉባኤው ይነበብ በሉ፣ ቅጂም ጠይቁ። ካልተሰጣችሁ በማግስቱ የተናገራችሁትን በደብዳቤ ጻፉና መዝገብ ቤት አስገቡ። «በዚህ ቀን በተደረገው ስብሰባ ላይ የሚከተለውን ጠይቄ ነበር» ብላችሁ ጀምሩ። ገቢ ቁጥሩን አትርሱ።

7. በጋራ ማልማት

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይሄ መብት እንዳለው አያውቅም። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ስለሚከፈል ካሳ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መልሶ ማልማት ክልል ውስጥ ያሉ ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት ቦታቸውን በግልም ሆነ በጋራ የማልማት ቅድሚያ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ቅድሚያ ማለት ለሌላ ከመሰጠቱ በፊት እናንተ ትጠየቃላችሁ ማለት ነው። አዋጁ በ1336/2016 ተሻሽሏል፤ ሁለቱንም ቅጂ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አንብቡ፣ የክልሉንና የከተማውን መመሪያም ጠይቁ። ስለ ሕንፃ አዋጁም እንዲሁ፣ ሁልጊዜ «አሁን በሥራ ላይ ያለውን ቅጂ» በሉ።

አንድ 200 ካሬ ብቻውን ከባድ ነው። ከወሰን የሚተወው ሲቀነስ፣ ደረጃው፣ የመኪና ማቆሚያው ሲወጣ የሚቀረው ትንሽ ነው። አራት ጎረቤት ተደምሮ 800 ካሬ ሲሆን ግን አንድ ደረጃ፣ አንድ ሊፍት፣ አንድ ጀነሬተር፣ አንድ ሴፕቲክ ታንክ ለአራት ይካፈላል። ባንክም ከአንድ ጡረተኛ ይልቅ ከአራት ሰው ጋር ቢነጋገር ይቀለዋል።

ግን መጀመሪያ ተጻጻፉ። የእያንዳንዱ ካሬ ስንት ነው፣ መንገድ ዳር ያለውና ውስጥ ያለው እኩል ይቆጠራል ወይስ ይለያያል፣ ምድር ቤቱን ሱቅ ማን ያገኛል፣ አንዱ ቢሞት ወይም ልሽጥ ቢል ምን ይሆናል? በሱቁ ነው ሰው የሚጣላው፣ ስለዚህ ከሱቁ ጀምሩ። ስምምነቱን ውልና ማስረጃ ወስዳችሁ አጽድቁት። ሕንፃው ካለቀ በኋላ እያንዳንዱ ቤት በየስሙ እንዲሆን የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 አለ፣ ጠበቃችሁን ስለሱ ጠይቁት።

«ቦታው ከናንተ፣ ገንዘቡ ከኔ» የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል። ሆኖም ካርታችሁን በስሙ እንድታዞሩ ወይም ሙሉ ውክልና እንድትሰጡት ከጠየቀ እዚያው አቁሙ። ድርሻችሁ በመቶኛ ብቻ አይጻፍ፤ የትኛው ወለል፣ የትኛው በር፣ ስንት ካሬ ተብሎ ይጻፍ። ሲዘገይስ የቤት ኪራያችሁን ማን ይከፍላል? ይሄም ይጻፍ።

8. ጎረቤት ቁፋሮ ሲጀምር

ሀዋሳ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለች ከተማ ናት፣ ኮርቤቲ እሳተ ገሞራም ሩቅ አይደለም። በ2017 አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የነበረው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ እኛም እንዲህ ያለ መሬት ላይ ነው ያለነው። ሐይቁ ደግሞ መውጫ ወንዝ የለውም፣ ወደ ሐይቅ ዳር በቀረባችሁ ቁጥር የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ቤዝመንት ሲቆፍርና ውሃውን በፓምፕ ሌሊትና ቀን ሲያወጣ አጠገቡ ያለው ጭቃ ቤት ሊሰነጠቅ፣ ሊዘቅጥም ይችላል። ስለ ፎቅ ስንጨቃጨቅ ይሄን የምድር ውስጡን እንረሳለን።

ቁፋሮው ሳይጀመር ቤታችሁን በፎቶ ቅረጹት። እያንዳንዱን ግድግዳ፣ ጥግ፣ የበርና የመስኮት ዙሪያ፣ ወለሉን። ነባር ስንጥቅ ካለ አትደብቁት፣ እሱንም አንሱ። ከዚያ ስንጥቁ ላይ ትንሽ ጀሶ አቡክታችሁ እንደ ፕላስተር ለጥፉበት፣ ጫፉ ላይ ቀኑን በእስክሪብቶ ጻፉ። ጀሶው ከተሰበረ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነው። በየሳምንቱ ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሱ። አንድ ጎረቤታችን በዚህ መንገድ ስንጥቁ በአምስት ሳምንት ከፀጉር ውፍረት ወደ 4 ሚሊሜትር እንደሄደ አሳየ፣ ከዚያ በኋላ «ድሮም ነበረ» የሚለው ክርክር ቆመ።

መጀመሪያ ግን ሰውየውን አነጋግሩት። ሽማግሌ ላኩ። ሲዳማ ውስጥ አፊኒ የሚባል ባህል አለ፣ «ሰምታችኋል ወይ?» እንደማለት ነው፤ ነገሩ ሁሉም ወገን እስኪሰማና እስኪሰማማ ይመከርበታል። ብዙ የወሰንና የፍሳሽ ጠብ ያለ ፍርድ ቤት በዚህ ዓይነት መንገድ ሲፈታ አይቻለሁ። ከተስማማችሁ ግን በወረቀት ይሁን፣ ሽማግሌዎቹም ይፈርሙበት።

ካልሆነ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል ውስጥ የሕንፃ ሹም አለ፣ የሕንፃ አዋጁ የሰጠው ስም ነው። ለእሱ ጻፉ። ጥያቄያችሁ አጭርና የሚለካ ይሁን፦ የተፈቀደው ከፍታ ስንት ነው? አሁን የተሠራው ስንት ነው? የአፈር ምርመራ ተደርጓል? ለአጎራባች ቤት ምን ጥበቃ ተደረገ? ተቆጣጣሪ መጥቶ ይለካልን። በውሳኔው ካልተስማማችሁ ይግባኝ ሰሚ ቦርድ አለ።

ጉዳት ከደረሰ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አለላችሁ። አንቀጽ 1225 ባለቤት ጎረቤቱን እንዳይጎዳ፣ ከመልካም ጉርብትና በላይ በሆነ ጭስ፣ ድምፅና መንቀጥቀጥ እንዳያውክ ይላል። የሌሊት አርማታ የሚሞላበት ሰፈር ውስጥ ይሄን አንቀጽ ማወቅ ጥሩ ነው።

አንድ ምክር፦ ፎቁ አምስተኛው ላይ ደርሶ «ከሦስት በላይ አልተፈቀደም» ከማለት ሦስተኛው ላይ ፌሮ ወደ ላይ ተርፎ ስታዩ ጻፉ። ጣሪያ ሊያደርግ ያሰበ ሰው የአምድ ፌሮ ሁለት ሜትር አያስረዝምም።

9. የማስለቀቂያ ትእዛዝ ከመጣ ቀን ቁጠሩ

ትእዛዙን የተቀበላችሁበትን ቀን ወረቀቱ ላይ ጻፉ። በ1161/2011 መሠረት ቅሬታ ያለው ሰው ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ማመልከት አለበት። በውሳኔው ካልተስማማ በ30 ቀን ውስጥ ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ይላል፣ ከዚያ ወደ ፍርድ ቤት። እነዚህ ቀኖች ቅዳሜና እሑድንም ይበላሉ። እኛ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ አከበብናቸው፤ አክስቴ ጠዋት ጠዋት አንዱን ቀን ታጠፋለች።

አቤቱታውን ፍርድ ቤት በር ላይ ያለ ራፖር ጸሐፊ ሊጽፍላችሁ ይችላል፣ ጎበዞች አሉ። ግን ነገሩን እናንተ ዘርዝራችሁ ስጡት። ምን ተወሰነ፣ መቼ ደረሰኝ፣ የትኛውን አልቀበልም፣ ለምን፣ ምን እንዲደረግልኝ እፈልጋለሁ። ምሬታችሁ ልክ ነው፣ ግን ሦስት ገጽ ምሬት ውስጥ የተጠየቀው ነገር ይጠፋል። «ምክክሩ አልተደረገም» የምትሉ ከሆነም በቀን አስደግፉ፤ አዋጁ በመሠረቱ ባለይዞታው ከመልቀቁ ቢያንስ አንድ ዓመት በፊት ስለ ልማቱ እንዲመከር ይላል፣ አስቸኳይ ካልሆነ በቀር። አቤቱታ ስላስገባችሁ ግን ሥራው ቆሟል ብላችሁ አትተኙ፤ እግድ ለብቻው ይጠየቃል።

ካሳው ላይ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ቢሆንም በላዩ ያፈራችሁት ንብረት የናንተ እንደሆነ፣ ሲወሰድም ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንደሚከፈል ይናገራል። ንብረት ማለት ቤቱ ብቻ አይደለም። አጥሩ፣ የብረት በሩ፣ ሴፕቲኩ፣ የውሃ መስመሩ፣ የተነጠፈው ኮብል፣ ዛፉ ሁሉ ነው። ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም በ1161/2011 ካሳ አለ፤ ጠይቁ፣ ሳትጠይቁ ላይነገራችሁ ይችላል።

ገማቾቹ ሲመጡ አብራችሁ ዙሩ። እቤት ሻይ እያፈሉ መጠበቅ አይሆንም። እነሱ ሲጽፉ እናንተም በራሳችሁ ደብተር ጻፉ፣ በመጨረሻም ቅጹን አንብባችሁ ነው የምትፈርሙት። የአክስቴ ቦታ የፊቱ ክፍል ለመንገድ ተፈልጎ ነበር፣ የቀረውን ከሦስት ጎረቤት ጋር ለማልማት ጠይቃ ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ነው። ቆጠራው ቀን ቅጹን ተቀብላ መነጽሯን አደረገች፣ ጣቷን መስመር በመስመር አስኬደች፣ አንዱ ላይ ቆመች። «አቮካዶ 1» ይላል። «ልጄ» አለችው ወጣቱን፣ «ና እስቲ ከኔ ጋር።» ጓሮ በኩል ወስዳ ከማዕድ ቤቱ ጀርባ ያሉትን ሁለቱን አሳየችው። ሰርዞ «3» ብሎ ጻፈ፣ ከስርዙ አጠገብ ፈረመ፣ እሷም ከሥሩ ፈረመች።